ሁለት ወፍ ያላት ብስክሌት

የአባቴን ሙት ዓመት ባወጣን ማግስት፣ ባሕር ዳር ባለው የወላጆቼ ግቢ ዕቃ ቤቱን ማጽዳት ጀመርን። የማይሠራ ራዲዮ፣ የተሰነጠቀ እንስራ፣ በማዳበሪያ የታጨቀ የተማሪ ፈተና ወረቀት። ከሁሉም ኋላ፣ ግድግዳ ተደግፋ፣ የአባቴ ብስክሌት ቆማለች። አረንጓዴ ቀለሟ እዚህም እዚያም ተላጧል። ሁለቱም ጎማዎቿ ተንፍሰዋል። ኮረቻዋ እንደ ቋንጣ ደርቋል።

በበራችን ሲያልፍ የጠራነው ቆራሌው አንዴ አየት አደረጋትና «800 ብር» አለ።

ታናሽ ወንድሜ ሳቀበት። «ይቺ እኮ ራሌይ ናት! የእንግሊዝ ዕቃ!»

ቆራሌው ዙሪያዋን ዞሮ ፈለገ። «የታል የተጻፈው?»

እውነቱን ነው፤ የትም ቦታ አልተጻፈም። እኛ ግን ያደግነው በዚህ ታሪክ ነው። አባዬ መምህር ነበር። ተመርቆ ሥራ እንደጀመረ፣ በ1957 ዓ.ም.፣ ከደመወዙ እየቆጠበ አዲስ ራሌይ ገዛ። ሠፈሩ ሁሉ «ባለ ራሌዩ መምህር» ይለው ነበር። ጡረታ ከወጣም በኋላ ብስክሌቷን «ራሌይ» እንጂ በሌላ ስም ጠርቷት አያውቅም።

ወንድሜ የራሱ ሐሳብ ነበረው። አዲስ አበባ ውስጥ አሮጌ ብስክሌት ገዝቶ የሚያድስ ሰው ያውቃል። ሰውየው በስልክ «እውነተኛ ራሌይ ከሆነች ደህና ዋጋ እከፍላለሁ። ካልሆነች አልፈልጋትም» ብሎታል። የእማዬ ቤት ጣሪያ ያፈሳል፤ ክረምቱ ደግሞ እየመጣ ነው። ገንዘቡ ለዚያ ይውላል ተባለ። የሳምንት ፈቃድ ስለነበረኝ የማጣራቱ ሥራ ለእኔና ለ14 ዓመቷ ልጄ ተሰጠ።

ልጄ ወዲያው የብርጭቆ ወረቀት ይዛ መጣች። ቀለሙን ፍቀን ስሙን እናውጣው አለች። እኔም ልስማማ ምንም አልቀረኝም ነበር። ደግነቱ መጀመሪያ ገበያው አጠገብ ወዳሉት አዛውንት የብስክሌት ጠጋኝ ወሰድናት። ወጣትነታቸውን አስመራ፣ ከጣሊያን ብስክሌቶች ጋር ያሳለፉ ሰው ናቸው። ወረቀቱን በልጄ እጅ ሲያዩ ደነገጡ።

«አስቀምጪው የኔ ልጅ፤ ቀለሙ ራሱ ማስረጃ ነው። አንዴ ከፋቅሽው አይመለስም።»

«ታዲያ ጋሼ፣ ስም ከሌላት በምን እንለያታለን?» አልኳቸው።

«በአጥንቷ» አሉና ቁምጣ ወንበራቸውን ሳብ አደረጉ።

የመጀመሪያው ምልክት ከመሪው ሥር፣ ፊት ለፊት ባለው አጭር ቱቦ ላይ ነበር። ቀለም የሞላባቸው ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ። የፋብሪካው አርማ በእነዚያ ተጠርቆ ነበር ማለት ነው። አርማው ቢጠፋም ቀዳዳዎቹ ይቀራሉ፤ አቀማመጣቸውና ርቀታቸውም ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል። ጋሼ የአንድም ራሌይ አርማ በእጃቸው ስላልነበረ በዚህ መፍረድ አልቻሉም። ለካን ብለው አሳለፉት።

ሁለተኛው ትልቁ ጥርስ ነበር፤ ፔዳሉ የሚያሽከረክረው፣ ሰንሰለቱ የሚጠመጠምበት። ልጄ ቅባቱን በጨርቅ ስትጠርግ ከብረቱ መሐል ተቆርጦ የወጣ የወፍ ራስና ረጅም አንገት ታየ። ጣና ዳር ከምናያቸው ሽመላዎች አንዷን ይመስላል። ጋሼ ፈገግ አሉ። ያቺ አንገተ ረጅም ወፍ የራሌይ ምልክት ናት። ፋብሪካው የእንግሊዟ ኖቲንግሃም ውስጥ ነው የተመሠረተው፤ ስሙንም ያገኘው ሥራ ከጀመረበት ከራሌይ ጎዳና ነው። ልጄ እዚያው ለአጎቷ ደወለች፤ «ራሌይ ናት!»

«ቆይ፣ አትቸኩይ» አሉ ጋሼ። «ጥርስ ይነቀላል፤ ይገጠማልም።»

ሦስተኛው የኋላ ሞዞው ነበር፤ ሽቦዎቹ ሁሉ የሚሰበሰቡበት የቸርኬው እምብርት። በነጭ ጋዝ ታጥቦ ሲጠራ «ስተርሜይ አርቸር» የሚል ጽሑፍ ወጣ። ይህ ባለ 3 ማርሽ ሞዞ ያኔ ይሠራ የነበረውም እዚያው ኖቲንግሃም ነው። ከስሙ አጠገብ 64 እና 7 የሚሉ ቁጥሮች ተመትተዋል። የመጀመሪያው የተሠራበት ዓመት፣ ሁለተኛው ወሩ ነው።

ልጄ በጣቷ ቆጠረችና ፊቷ ተለወጠ። «እማ፣ አባባ በ1957 ገዛኋት አይደል የሚለው? ሞዞው እኮ በ64 ነው የተሠራው። ሳትሠራ 7 ዓመት ቀድሞ ገዛት?»

ጋሼ ከት ብለው ሳቁ። «እንግሊዝ በእኛ አይቆጥር! 64 በፈረንጅ ነው።» እውነትም የ1964 ሰባተኛ ወር በእኛ የ1956 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ነው። በ1957 አዲስ ብስክሌት ለገዛ ሰው ልክክ ይላል። አባዬ አልዋሸም ብዬ ውስጤ ሞቅ አለ።

ሙቀቱ ግን አልቆየም። ጋሼ የቸርኬዎቹን ሽቦዎች ቁጠሩ አሉን። ከኋላ 40፣ ከፊት 36። በድሮው የእንግሊዝ ልማድ ኋላው 40 ከሆነ ፊቱ 32 ነው፤ ክብደቱ የሚያርፈው ኋላ ላይ ነውና። ስለዚህ የፊቱ ቸርኬ የኋላው መንትያ አይደለም። አንድ ጊዜ ተቀይሯል።

ቀጥሎ ፔዳሎቹ የሚያያዙበትን የፍሬሙን ሆድ ከፈቱ። ኩሽኔታውን የሚይዙት ሁለት ኩባያ መሰል ብረቶች እዚያ ውስጥ በብሎን ጥርስ ነው የሚገቡት። የጣሊያን ብስክሌት ከሆነ ሆዱ 70 ሚሊሜትር ይሰፋል፤ ሁለቱም ኩባያዎች በተለመደው አቅጣጫ ይጠብቃሉ። በተለመደው የእንግሊዝ ሥራ ስፋቱ 68 ሲሆን የቀኙ ኩባያ በግልባጩ ነው የሚፈታው። የእኛ በግልባጩ ተፈታ። ጣሊያን አይደለችም ማለት ነው። ግን ይህን የእንግሊዝ አሠራር ሕንድና ቻይናም ወስደውታል።

የመጨረሻው ፈተና የራሌይ የራሱ ጠባይ ነው። ሌሎቹ እንግሊዞች በ1 ኢንች ላይ 24 የብሎን ጥርስ ሲያወጡ፣ የኖቲንግሃሙ ራሌይ ለራሱ ብስክሌቶች 26 ያወጣ ነበር። ጋሼ ከዝገታም ጣሳቸው ውስጥ ሲፈልጉ ቆይተው አንድ አሮጌ የራሌይ ኩባያ አወጡ። ከፍሬማችን ጋር አገናኙት። ሁለት ዙር እንኳ ሳይሄድ ነክሶ ቆመ። አወጡትና በጥንቃቄ እንደገና ሞከሩ። ያው ነው።

«ልጄ» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ጥርሱ ራሌይ ነው፤ የኋላ እግሯም የዚያው አገር ነው። ፍሬሙ ግን አይደለም።»

ፍሬሙ የማን እንደሆነ ያወቅነው በሦስተኛው ማታ ነው። ልጄ እንደተነገራት አንዲት የተላጠች ቦታ ብቻ መርጣ፣ በሳሙና ውኃና በለስላሳ ጨርቅ ስታሻሽ ሰነበተች። ኮረቻውን በሚሸከመው ቱቦ ላይ አረንጓዴው ለቀቀ። ከሥሩ ወርቃማ መስመር ብቅ አለ፤ ከዚያ ሌላ፤ ከዚያ እንደ እሳት የተዘረጋ የወፍ ጅራት። ወፍ ሌላ ወፍ! የሻንጋዩ የፊኒክስ ብስክሌት ምልክት።

ልጄ ጨርቁን አስቀመጠችና ዝም አለች። በኋላ «እማ፣ አባባ ሆን ብሎ ቀለም ቀብቶ ደብቆታል ማለት ነው?» አለች።

መልስ አልነበረኝም። አባቴ አንድ ሳንቲም የማያዛባ ሰው ነበር። ተማሪ የኮረጀ ቀን ራት የማይበላ ሰው። ሦስት ቀን ሙሉ ብረቱን ስመረምር፣ ሳላውቀው እሱን እየመረመርኩ ነበር። ብስክሌቷን እየገፋሁ በረንዳው ላይ ቡና ወደምታፈላው እናቴ ወሰድኳት።

«እማዬ፣ ይቺ ራሌይ አይደለችም።»

ረከቦቱን ሳታስነካ ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ የወርቁን ጅራት አየች። «አይ ያንተ ነገር» አለች፤ ለእኔ ሳይሆን ለእሱ። «የቁርጭምጭሚትሽ ጠባሳ ከምንድን ነው?» ስትል ጠየቀችኝ።

«ከሚስማር ነዋ። ሚስማር ነው ብላችሁኛል።»

«5 ዓመትሽ ነበር» አለች። «ከፊቱ፣ ብረቱ ላይ ቁጭ አድርጎሽ ሲመጣ እግርሽ የፊት ቸርኬው ውስጥ ገባ። ቸርኬው ቀጥ ሲል ተገለበጣችሁ። ያንቺ እግር ዳነ፤ የእሷ አንገት ግን ተሰብሮ ነበር። አንቺ ታዲያ ለእግርሽ አላለቀስሽም። ሌሊት እየባነንሽ ‹የአባዬን ራሌይ ሰበርኳት› ትይ ነበር። እህል አልበላም አልሽ። ብስክሌት ስታዪ ትንቀጠቀጪያለሽ።»

ልጄ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች።

«ሦስት ወር በእግሩ ተመላለሰ» ቀጠለች እናቴ። «ሰው እጅ ያለ ፍሬም አግኝቶ ገዛ። የተረፈውን ዕቃ አንድ በአንድ ወደዚያ አዛወረው። ራሌዪቱ አረንጓዴ ስለነበረች አረንጓዴ ቀባት። የዚያችን ወፍ ወርቅ ስታይ ‹አየህ፣ ሌላ ናት› እንዳትዪው ሦስት ጊዜ ነው ደራርቦ የቀባት። ከዚያ አወጣና ‹ነይ እይ፤ ራሌይ ዳነች› አለሽ። ዞርሽና አየሻት። በእጅሽ ነካሻት። ያን ሌሊት ተኛሽ።»

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

«አልጠየቅሽማ» አለችና ቡናውን ቀዳች።

እኔ ከዚህ ሁሉ አንዱንም አላስታውስም። የማስታውሰው አረንጓዴውን ብረት፣ የአባቴን የጉልበት ሙቀትና፣ እግሮቼን በአንድ እጁ ሰብስቦ የሚይዝበትን ልማዱን ብቻ ነው። ለምን እንደዚያ እንደሚይዘኝ አሁን አወቅሁ።

እናንተም ቤት ዕቃ ቤት ውስጥ ስሟ የጠፋ ብስክሌት ካለች፣ ከጋሼ የተማርኩትን ላካፍላችሁ። ቀለም አትፋቁ፤ አታስቀቡም። መጀመሪያ ከየአቅጣጫው ፎቶ አንሱ። ቅባቱን ጥረጉና የተመታ ፊደልና ቁጥር ፈልጉ፤ ሞዞው ላይ፣ ጥርሱ ላይ፣ ከኮረቻው ሥር፣ ከፔዳሉ ሆድ በታች። የሽቦዎቹን ቁጥር መዝግቡ። በአንድ ዕቃ ብቻ አትፍረዱ፤ ሞዞው የሚነግራችሁ የራሱን ዕድሜ እንጂ የፍሬሙን አይደለም። ዕቃዎቹ እርስ በእርስ ካልተስማሙ ደግሞ አትዘኑ። አለመስማማታቸው አንድ ቀን የሆነ ነገር መድረሱን ይናገራል። ያኔ የቤቱን ትልቅ ሰው፣ በሕይወት ሳለ፣ ጠይቁ።

ለወንድሜ ሁሉንም ነገርኩት። እሱም ለገዢው እውነቱን ነገረው። ሰውየው «እንግዲያው ሞዞውንና ወፍ ያለበትን ጥርስ ብቻ ፈትታችሁ ሽጡልኝ» አለ። ወንድሜ መልሶ ሲደውል ስልኩን ለሁላችንም እንዲሰማ አደረግሁት።

«ምን ልበለው?» አለ። «ለመሆኑ እቴ፣ ራሌይ ናት ወይስ አይደለችም?»

እኔ መልሱን ሳዘጋጅ እናቴ ከወዲያ ሆና ቀደመችኝ።

«ራሌይ ናት» አለችው። «አባትህ ‹ዳነች› ብሏል። የማትሸጥ ናት በለው።»

ጣሪያውን እኔና ወንድሜ ተካፍለን አሠራነው። ጋሼ ደግሞ ለሁለቱም ቸርኬዎች አዲስ ጎማና ካላማዳሪ አስገቡ፤ ቀለሟን አልነኩም። የወርቁ ጅራት በተላጠችው ቦታ ልክ እንደታየ አለ። ልጄ ባሕር ዳር በሄድን ቁጥር በጣና ዳር ትነዳታለች።