ውሃው ደጃችን መጥቶ ነበር

መጋቢት 2012 ላይ ይህች አገር በስንት ዓመት ዘመቻ ያልሆነላትን ነገር በጥቂት ሳምንታት አደረገች፤ ውሃና ሳሙና ደጅ ላይ አወጣች። የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መጋቢት 4 ቀን መገኘቱ በተሰማ ማግስት ባንኩም ሱቁም፣ የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥርና የመስጊዱ በር፣ የታክሲ ተራው ሳይቀር ባለቧንቧ ጀሪካን ወይም ሮቶ አቆመ። የሰፈር ወጣቶች ፈሳሽ ሳሙና ይዘው መንገደኛውን «ይታጠቡ እማማ፣ ይታጠቡ አባባ» ይሉ ነበር። ብረት በያጁ በእጅ ሳይነካ በእግር እየተረገጠ ውሃ የሚለቅ መታጠቢያ ሠራ። ማንም ደመወዝ አልቆረጠላቸውም።

ያ ሁሉ የት ገባ? ሮቶው ተሰነጠቀ፣ ቧንቧው ተነቀለ፣ የእግር መርገጫው ዝጎ ቀረ። ለበሽታው የመጣ እንግዳ ይመስል፣ በሽታው ሲሄድ ውሃውንም አብረን ሸኘነው።

ይህ የሚያንገበግበው ነገሩ ባዕድ ስላልሆነ ነው። እጅ ማስታጠብ ወጋችን ነው፤ ማዕድ ሳይቀርብ ማስታጠቢያ ይዞ ለእንግዳ ጎንበስ ሲል ያላደገ ልጅ ጥቂት ነው። የጎደለን ከማዕድ ውጭ፣ ከመጸዳጃ ቤትና ከገበያ መልስ፣ ውሃና ሳሙና አንድ ላይ ማግኘት ነበር። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በጋራ የሚያወጡት መረጃ በዚያን ጊዜ እንዳሳየው፣ ቤቱ ውሃና ሳሙና የተሟላለት መታጠቢያ ያለው ኢትዮጵያዊ ከአሥር አንድ እንኳ አይሞላም ነበር። ጉድለቱን ፍርሃት ሞላልን። ፍርሃቱ ሲያልፍ ግን በልማድ ማጽናት አቃተን።

ዕድሉም ትንሽ አልነበረም። ወረርሽኙ ጣሊያንን በአንድ ወር ሲያጥለቀልቅ እኛ ጋ ቀስ ብሎ ነበር የገባው። ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብና መጨባበጥ ተከለከለ፤ ታክሲ ግማሽ ሰው በእጥፍ ዋጋ ጫነ፤ አከራይ ተከራይን እንዳያስወጣ ተደነገገ። ፋሲካን ምእመኑ ቅዳሴውን በቴሌቪዥን እየተከታተለ ቤቱ ዋለ። «ቤት እንቆይ» ማለት የዕለት ጉርሱን ከጎዳና ለሚያገኝ፣ በአንዲት ክፍል ስድስት ሰባት ሆኖ ለሚያድር ምን ያህል ከባድ እንደነበር አይረሳም፤ ለዚያም ማዕድ ማጋራቱ ተጀመረ፤ ኪራይ የማሩ አከራዮችም ነበሩ። እንዲህ በውድ የተገዛውን ጊዜ ግን «ኮሮና እኛን አይነካም» እያልን በተንን። ማስኩ መጀመሪያ ከአፍንጫ ወረደ፣ ቀጥሎ አገጭ ላይ ዋለ፣ በመጨረሻ ፖሊስ ሲታይ ብቻ ከኪስ የሚወጣ ሆነ። መጋቢትና ሚያዝያ 2013 ላይ የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች ሞሉ፤ ኦክስጅን የሚለምን ቤተሰብ በዛ። በአገሪቱ የተመዘገበው ሞት ከ7,500 በላይ ነው፤ እሱም በምርመራ የታወቀው ብቻ ነው።

ከውሃው ይልቅ ያባከንነው ደግሞ አየሩን ነው። ቫይረሱ በዋናነት የሚተላለፈው በትንፋሽ፣ በታፈነ ቤት ውስጥ እንደሆነ እየዋለ ሲያድር ታወቀ፤ አንዱ መከላከያም መስኮት መክፈት ነበር፣ ያለ አንድ ሳንቲም። ዛሬ ሚኒባስ ውስጥ መስኮት ለመክፈት ሞክሩ፤ «ዝጋው እንጂ፣ ብርድ ሊያስመታን ነው!» የሚል ድምፅ ከኋላ ይመጣል። ኢትዮጵያ ግን የሳንባ ነቀርሳ ከሚበረታባቸው 30 አገሮች አንዷ ናት፤ እሱም የሚተላለፈው በዚያው በታፈነ አየር ነው። የአንድ ዘመን ወረርሽኝ ያስከፈተልንን መስኮት ጠብቀን ብንይዘው፣ ለሌላው ነባር በሽታችንም ይጠቅመን ነበር።

የውሃው ሒሳብም ብዙ ሳይቆይ መጣ። ነሐሴ 2014 ባሌ ላይ የተነሣው ኮሌራ ከክልል ክልል እየተሻገረ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አሳመመ። ኮሌራ ዋናው መንገዱ የተበከለ ውሃና ምግብ ነው፤ ንጹሕ ውሃና የታጠበ እጅ ዋና መከላከያዎቹ ናቸው። ከሁለት ዓመት በፊት በየደጁ የቆሙት ሮቶዎች በየገበያውና በየትምህርት ቤቱ ውሃ እየተሞላላቸው ቢቆዩ ኖሮ ስንት ሰው ይተርፍ ነበር?

ሰበቡ ድህነት ነው እንዳይባል፣ ዕድሮቻችን ምስክር ናቸው። ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ድስት ገዝተው፣ በዝርዝር መዝግበው፣ ዘበኛ ቀጥረው ለአሥርተ ዓመታት ያኖራሉ። ከዚያ ንብረት መሐል ባለቧንቧ በርሜልና አንድ ካርቶን ሳሙና መጨመር ምን ይሳናቸው ነበር? ለቀብሩ ዕቃ የማይጎድለው ሕዝብ ለመዳኛው በርሜል አጣ ቢባል ማን ያምናል?

ኅዳር 2018 ላይ ጂንካ የማርበርግ ቫይረስ ተገኘ ተባለና ያው ምክር እንደገና ተነገረን፤ ታጠቡ፣ ንክኪ ቀንሱ፣ ምልክት ያየ ያሳውቅ። ምክሩን ሕፃን ልጅ ሳይቀር በቃሉ ይወጣዋል፤ ያልያዝነው ውሃውን ነው። በ2012 ባለማወቅ ልናመካኝ እንችል ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ያወቅነውን ጥለን ነው የምንታመመው፤ ለዚህ ደግሞ ማንም ምክንያት ሊያቀብለን አይችልም።