የቬኒስ ክረምት

ቬኒስ መኪና የማይገባባት ከተማ ናት። ሰውም ዕቃም የሚጓጓዘው በጀልባ ነው፤ የቀረውን መንገድ እግር ይጨርሰዋል። ባለፈው ዓመት ጣሊያን የምትኖረውን ልጄን ልጠይቅ ስሄድ፣ ቫዮሊን የምትማረው የዘጠኝ ዓመት የልጅ ልጄ «እማማ፣ የቪቫልዲን አገር ሳታዪ አትመለሺም» ብላ ይዛን ሄደች።

ከቅዱስ ማርቆስ አደባባይ ተነሥተን በውኃው ዳር ጥቂት እንደ ተራመድን ፒዬታ ደረስን። አንቶኒዮ ቪቫልዲ እ.ኤ.አ. በ1678 በዚሁ ከተማ ተወለደ። ካህን ነበር፤ በፀጉሩ ቅላት የተነሣ «ቀዩ ቄስ» ይሉታል። በ1703 ፒዬታ በሚባለው የተጣሉ ሕፃናት ማሳደጊያ የቫዮሊን መምህር ሆኖ ተቀጠረ። እዚያ ያደጉት ሴቶች ልጆች ከፍርግርግ ጀርባ ሆነው ሲጫወቱ ለመስማት ከሩቅ አገር ሳይቀር ሰው ይመጣ ነበር። የአባት ስም ስለሌላቸው በመሣሪያቸው ይጠሩ ነበር፤ «የቫዮሊኗ አና ማሪያ» እንደሚባለው። ቪቫልዲ ለእሷ ብዙ ኮንቸርቶ ጽፏል።

በትንሹ ሙዚየም ውስጥ ለሁለት የተከፈለ ሜዳልያ አየን። እናት ልጇን ስትተው ግማሹን ከሕፃኑ ጋር ታኖራለች፤ ግማሹን ትይዛለች። አንድ ቀን ከተመለሰች ሁለቱ ገጥመው ይመሰክሩላታል።

«እማማ፣ ይሄኛው ለምን ግማሹ ብቻ ቀረ?» አለችኝ ትንሿ። መልስ አጣሁ። የእሷን እናት በልጅነቷ ለእናቴ ትቼ አራት ዓመት ዐረብ አገር ሠርቻለሁ።

ማታ ኮንሰርት ገባን። የተጫወቱት በ1725 ከታተሙት «አራቱ ወቅቶች» ውስጥ «ክረምት» የተባለውን ነው። ኮንቸርቶ እንደ አውጪና ተቀባይ ነው፤ አንዱ ቫዮሊን ያወጣል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። ሲጀምር ክሮቹ ይንቀጠቀጣሉ፤ በብርድ ጥርስ ሲንገጫገጭ ይሰማል። በመጨረሻው ክፍል ሰው በበረዶ ላይ በጥንቃቄ ይራመዳል፣ ያዳልጠዋል፣ ይወድቃል፣ ይነሣል። ይህ የእነሱ ክረምት ነው።

መካከለኛው ግን የኛ ነው። አጃቢዎቹ ደጋኑን ትተው ክሩን እንደ ክራር በጣታቸው ይመታሉ፤ ዝናብ ይንጠባጠባል። ባለ ቫዮሊኑ ደግሞ እሳት ዳር እንደ ተቀመጠ ሰው ረጋ ያለ ዜማ ያወርዳል። ሁለት ደቂቃ ያህል ቢሆን ነው። እኔ የእናቴን ቤት አየሁ፦ ቆርቆሮው ላይ ዝናብ፣ ምድጃው ዳር እናቴና ያቺ የተውኳት ልጅ።

ስንወጣ ትንሿ ጥያቄዋን አልረሳችም ነበር። «ታዲያ እናቶቹ አልመጡም?» አለች።

እናቷ ክንዴን ደግፋ ድልድዩን እያሻገረችኝ ነበር። «አንዳንዶቹ መጥተዋል» አለቻት።