ኤሊ አትጮህም



ብዙ ሰው ኤሊን «ለማሳደግ ቀላሏ እንስሳ» ይላታል። አትጮህም፣ አትናከስም፣ ዕቃ አትሰብርም። ቅጠል ጣል ካደረጉላት የሚበቃት ይመስላል።

አለመጮኋ እውነት ነው፤ ችግሩም እሱ ነው። ድመት ሲርባት እግር ሥር እየተሻሸች ታስታውሳለች። ፍየል ውሃ ሲጠማት ሰፈሩን ትረብሻለች። ኤሊ ግን እየራባት፣ እየበረዳት፣ አጥንቷ እየሳሳ እንኳ ዝም ትላለች። ባለቤቷ ነገሩን ሲረዳ ወራት አልፈዋል። ዛሬ የምጽፍላችሁ ይህችን ዝምተኛ እንስሳ ቤት ውስጥ ስናሳድግ ስለሚኖርብን ኃላፊነት ነው።

ድሬዳዋ በሚገኘው የአያቴ ግቢ ውስጥ እኔ ሳልወለድ የነበሩ ሁለት ትልልቅ ኤሊዎች አሉ። በቆላው አገራችን የሚገኙት፣ ጀርባቸው እንደ ነብር ዝንጉርጉር የሆነው ዓይነት ናቸው። ሴቷ እንቁላሏን አፈር ውስጥ ትቀብራለች፤ ለብዙ ወራት ይረሳል። አምና ዝናብ መሬቱን ሲያለሰልሰው አራት ጫጩቶች ብቅ አሉ፤ እያንዳንዳቸው ከ5 ሳንቲሜትር አይበልጡም። በሁለት ሳምንት ውስጥ ጭልፊትና ድመት ሦስቱን ወሰዷቸው። ቅርፊታቸው በዚያ ዕድሜ ገና ለስላሳ ነው፤ አይከላከልላቸውም።

«እማማ፣ የቀረችውን ቤት ውስጥ እናሳድጋት» አልኳት።

«አንተ፣ ኤሊ ቤት ውስጥ? ፀሐይዋን ማን ሊሰጣት ነው?» አለችኝ።

የአያቴ ጥያቄ ከሁሉም የሚበልጠው ጥያቄ ነበር።

ሁላችንም የምናውቀውን ሐዲስ እናስታውስ። ድመት ዘግታባት በመቀጣቷ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የነገሩን ሴት አለች። ጥፋቷ ሁለት ነገር ነበር፤ አላበላቻትም፣ ራሷ ፈልጋ እንድትበላም አልለቀቀቻትም። በሌላ በኩል የአነስ ኢብኑ ማሊክ ታናሽ ወንድም ትንሽ ወፍ ነበረው፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ስለ ወፏ በፍቅር ይጠይቁት ነበር እንጂ አልከለከሉትም። ዑለማዎችም እንክብካቤው እስካልጎደለ ድረስ እንስሳን ቤት ውስጥ መያዝ እንደሚቻል ከዚህ ተረድተዋል። ሁለቱን አንድ ላይ ስናያቸው መልእክቱ ግልጽ ነው፤ በሩን የዘጋ ሰው እንስሳዋ ውጭ ታገኘው የነበረውን ሁሉ የማቅረብ ኃላፊነት ወስዷል። ለኤሊ ደግሞ ይህ ምግብ ብቻ አይደለም። ፀሐይ አለ፣ ጥላ አለ፣ እርጥበት አለ፣ መደበቂያ አለ።

ስለዚህ ጫጩቷ ከመግባቷ በፊት ቤቷን ሠራን። የእህቴ ልጅ ገና ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ኤሊዋን «ጠጠር» ብላ ስም አወጣችላት።

መጀመሪያ ሳጥኑ። የሰፈራችን አናጺ ከአሮጌ ጣውላ 120 ሳንቲሜትር ርዝመትና 60 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ሳጥን ሠራልን፤ ከላይ ክፍት ነው፣ ግድግዳው 30 ሳንቲሜትር ከፍ ይላል። «ለዚህች ጠጠር ይህ ሁሉ?» ብለው የሳቁብን ነበሩ። ኤሊ ግን ተራማጅ እንስሳ ናት። የመስታወት ሳጥንም ያልመረጥነው በምክንያት ነው። ኤሊ መስታወት ግድግዳ መሆኑ አይገባትም፤ ወዲያ ማዶ ለመሻገር ቀኑን ሙሉ ስትገፋው ትውላለች። አየሩም ውስጡ ይታፈናል።

ሁለተኛው ሙቀት ነው። ኤሊ እንደኛ የራሷን ሙቀት አታመነጭም፤ ሲበርዳት ወደ ሙቅ፣ ሲሞቃት ወደ ቀዝቃዛ ቦታ በመሄድ ራሷን ታስተካክላለች። ሳጥኑ በሙሉ አንድ ዓይነት ሙቀት ካለው ምርጫዋን ነጠቅናት ማለት ነው። ስለዚህ በአንደኛው ጫፍ መብራት ሰቀልን፤ ከሥሩ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሆናል። በሌላው ጫፍ ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ነው። ሌሊት ከ18 በታች እንዳይወርድ እንጠብቃለን። አምፖሉ ክር ያለው ቢጫው ይሁን፤ ኃይል ቆጣቢው ብርሃን እንጂ ሙቀት የለውም። ቴርሞሜትሩን ግድግዳ ላይ ሳይሆን በኤሊዋ ጀርባ ከፍታ ላይ አድርጉት። ሌሊት መብራቱ ይጥፋ፤ ጨለማ ያስፈልጋታል። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ላይ መብራት ሲጠፋብን ሙቅ ውሃ የሞላ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልለን አንድ ጥግ ላይ እናስቀምጣለን።

ሦስተኛው ወለሉ። ማዳበሪያም ሆነ ፀረ-ተባይ ያልነካው የግቢ አፈር ከ5 እስከ 8 ሳንቲሜትር አነጠፍን፤ ከላዩ ደረቅ ሣር በተንን። አሸዋ ብቻውን አይሆንም፤ ከምግብ ጋር ከዋጠችው አንጀቷን ይዘጋል። የአፈሩን የታችኛውን ክፍል ትንሽ እርጥብ እናደርገዋለን። «የቆላ እንስሳ ስለሆነች ደረቅ ይመቻታል» የሚባለው ለጫጩት አይሠራም። ጫጩት በተፈጥሮዋ ቁጥቋጦ ሥር፣ እርጥበት ባለበት ተሸሽጋ ነው የምታድገው። እ.ኤ.አ. በ2003 በሌላ የአፍሪካ ኤሊ ጫጩቶች ላይ የታተመ ጥናት በደረቅ አየር ያደጉት ቅርፊታቸው እንደ ጉብታ እየሾለ እንደወጣ አሳይቷል። ቅዝቃዜና እርጥበት አንድ ላይ ከሆኑ ግን ሳንባዋን ያሳምሟታል፤ እርጥበቱ ከሙቀት ጋር ይሁን። ለመደበቂያ ግማሹ የተሰበረ የሸክላ ድስት ደፋንላት። የውሃ ሳህኗ ዝርግ ነው፤ ውሃው ከአገጯ አይበልጥም። በሳምንት ሦስት አራት ጊዜም ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ለ15 ደቂቃ እናስቀምጣታለን።

አሁን ወደ አያቴ ጥያቄ፤ ፀሐይዋስ? ኤሊ ምግቧ ውስጥ ያለውን ካልሲየም ለአጥንቷና ለቅርፊቷ ለማዋል ቫይታሚን ዲ ያስፈልጋታል። ይህንን ቫይታሚን ቆዳዋ ላይ የሚሠራው የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ነው። በመስኮት መስታወት በኩል የሚገባ ፀሐይ ብርሃንና ሙቀት ይሰጣል፣ ይህንን ጨረር ግን መስታወቱ ያስቀረዋል። ተራ አምፖልም የለውም። «መስኮት አጠገብ አስቀምጫታለሁ» የሚል ሰው ኤሊዋን ፀሐይ እያሳያት ፀሐይ እየከለከላት ነው። ውጭ አገር ለዚህ የተሠራ ልዩ መብራት አለ፤ እኛ ጋ ግን ፀሐዩ በነጻ ነው። ጠጠር በየጠዋቱ ከ2 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ግቢ ትወጣለች፤ ከላይ የዶሮ ሽቦ፣ ከጎን ግማሹ ጥላ። ብቻዋን አትተውም። ድሬ ፀሐይ ላይ በጀርባዋ ከተገለበጠች ሳትቆይ ልትሞት ትችላለች።

ምግቧ ሣር፣ የዱር ቅጠላ ቅጠል፣ እሾሁ የተላጠ የበለስ ቅጠል ነው። ዳቦ፣ ሩዝ፣ ወተትና ሥጋ አንሰጣትም፤ ፍራፍሬም አናስለምዳትም። የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት እንነሰንስላታለን። የተረፈውን ማታ እናነሳለን፣ ካልሆነ ጉንዳን ይመጣል። ከነካናት በኋላ እጃችንን በሳሙና እንታጠባለን፤ ኤሊ ሳልሞኔላ የሚባል ባክቴሪያ ልትይዝ ትችላለች። ሳህኗም ከምግብ ዕቃና ከዉዱእ ማንቆርቆሪያ ጋር አይቀላቀልም።

ስለማትጮህ እኛ እናያታለን። በየጁምዓው የእህቴ ልጅ በኩሽና ሚዛን መዝና ደብተሯ ላይ ትጽፋለች። ዓይን ማበጥ፣ በአፍንጫ አረፋ መውጣት፣ ቅርፊት መለስለስ፣ ምግብ መተው የእንስሳት ሐኪም ጋ የሚያስሄዱ ምልክቶች ናቸው።

ዘንድሮ የእህቴ ባል ሥራው ወደ አዲስ አበባ ተዛወረ። ልጅቷ ጠጠርን ይዛ ካልሄደች አልሄድም አለች። ቁጭ ብለን ተነጋገርን። የሚከራዩት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው፤ ግቢ የለውም። የአዲስ አበባ ክረምት ቀዝቃዛ ነው፣ ፀሐዩም ለቀናት ይጠፋል። ኤሊዋ ስታድግ 10 እና ከዚያ በላይ ኪሎ ትመዝናለች፣ ከ50 ዓመት በላይም ልትኖር ትችላለች። አያቴ «ይቺ እኔን ቀብራ አንቺንም ታስረጅሻለች» አለቻት። ሳጥኑ ለእኛ መጀመሪያም ማቆያ ነበር፤ ቅርፊቷ ሲጠነክርና ድመት የማትችላት ስትሆን ወደተፈለፈለችበት ግቢ ትመለሳለች። ስለዚህ ጠጠር ድሬ ቀረች። ልጅቷ አልቅሳ ሄደች፤ እኔ በየጁምዓው ክብደቷን እልክላታለሁ። እስካሁን ግን አኩርፋኛለች።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። ይህንን አንብቦ ከሜዳ ኤሊ አንስቶ ለማምጣት የሚያስብ እንዳይኖር። የዱር እንስሳት በሕግ የተጠበቁ ናቸው፤ ያለ ፈቃድ አንስቶ መውሰድ ሕግ መጣስ ነው። መንገድ ላይ በልጆች እጅ የምትሸጥ ኤሊም ከሜዳ የተነሳች ናት፤ አዝናችሁላት ብትገዟት እንኳ ነገ ሌላ እንድትለቀም ታደርጋላችሁ።

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ! ኤሊም ትሁን ወፍ፣ ዓሣም ይሁን ጥንቸል፣ በሩን ከመዝጋታችሁ በፊት ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። ውጭ ምን ታገኝ ነበር? ያንን በየቀኑ ማን ይሰጣታል? እኔ ስሄድስ ማን ጋ ትቀራለች? ለሦስቱም መልስ ከሌላችሁ ባለችበት ተዉዋት። እሱም እዝነት ነው።

ወላሁ አዕለም።