ቁጠርልኝ

ጓደኛዬ በደቻቱ አሸዋ ላይ ሲሮጥ ማን ይደርስበት ነበር! ባጃጅ ተገልብጦ አከርካሪውን ከተጎዳ ወዲህ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ሸሸሁት።

ለዕረፍት ድሬ ስገባ ከዚራ፣ ከዛፍ ጥላ ሥር፣ በተሽከርካሪ ወንበሩ አገኘሁት። ላጽናናው ብዬ የአበበ ቢቂላን የሮም ድል አነሳሁ።

«አቦ፣ እሱን ተወው! መራመድ ካቃተው በኋላስ?» አለኝ።

በ1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ሆነው እንግሊዝ አገር፣ ስቶክ ማንዴቪል፣ እንደታከመ፤ በ1962 እዚያው በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ በቀስት ውድድር እንደተሰለፈ ነገርኩት።

ዝም አለ። ከዚያ መቀመጫው እንዳይቆስል ዘወትር እንደሚያደርገው፣ በሁለት እጁ ተደግፎ ገላውን ከወንበሩ ከፍ አደረገ።

«ቁጠርልኝ፤ ትናንት ሃያ ነበር።»

ቆጠርኩለት። እኔ ድል ሳወራ እሱ ለካ ልምምድ ላይ ነበር! ሃያ አንድ ሲሞላ ያላበኝ እኔ ነኝ።