ስለሚመለስ ጽሕፈትና ስለማይመለስ ቃል

ሰው የያዘው ሥራ ጠባዩን ይለውጠዋል። ሸማኔ በመንገድ ሲሄድ የመንገደኛውን ጥለት ያያል፤ አናጢም በእንግድነት በገባበት ቤት መቃኑን ሳይመረምር አይቀመጥም። እኔም የብራና መጻሕፍትን እያነበብሁ በኮምፒውተር መጻፍ ከጀመርሁ ወዲህ እንደዚሁ ሆኛለሁ። መነጽሬ የጠፋብኝ እንደ ሆነ ትራሴን ከማንሣቴ በፊት ስሙን ጽፌ ልፈልገው ያምረኛል። ልጆቼም ይሥቁብኛል።

ይህስ የሚያስቅ ነው። የሚያሳዝነው ሌላው ነውና እርሱን ለአንባቢ እናገራለሁ።

በኮምፒውተር የሚጽፍ ሰው በተሳሳተ ጊዜ ኮንትሮልና ዜድ የሚባሉትን ሁለት ቁልፎች በአንድነት ቢጫን ስሕተቱ እንዳልተሠራ ሆኖ ይጠፋል። ብልሃቱ የትናንት አይደለም፤ በ1974 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በዜሮክስ ኩባንያ የምርምር ቤት የተሠራው ብራቮ የሚባል የጽሕፈት ፕሮግራም ይህን ያደርግ ነበር። ፊደላችንም በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሠንጠረዥ ከገባ ወዲህ ግእዙም አማርኛውም በኮምፒውተር መጻፉ ቀሎልናል።

እኛ ግን እንዲህ አልተማርንም። በቅኔ ቤት ተማሪው የቈጠረውን ጉባኤ ቃና በመምህሩ ፊት በቃሉ ያቀርባል። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ናት፤ ቢሆንም አንዲት ቃል ብትስት ባልንጀሮቹ ሁሉ ሰምተዋታል። ቁም ጸሐፊም በብራና ላይ ሲሳሳት ቀለሙን በምላጭ ፍቆ ያቃናል፤ የተፋቀው ስፍራ ግን ሻክሮ ይቀራል። ከብዙ ዘመን በኋላ ያየው ሁሉ እጁ በዚህ ላይ ስቶ እንደ ነበረ ያውቃል።

የምኖርበት ሰፈር ዘነበወርቅ ነው። ስሙን ያገኘው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ በልዕልት ዘነበ ወርቅ ስም ከተጠራው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ነው፤ ስፍራው ከ1958 ዓ.ም. ወዲህ አለርት በሚባል ስም ይታወቃል። ለመታከም ከየአገሩ መጥተው በዚሁ የቀሩ ብዙ ሰዎች ጎረቤቶቻችን ናቸው። ደዌው በ6 ወይም በ12 ወር መድኃኒት እንደሚድን፣ የዳነውንም ሰው መንካት እንደማያስፈራ በሰፈራችን ሕፃን እንኳ ያውቀዋል።

ከእነዚህ አንዱ፣ ጣቶቻቸው በደዌው ያጠሩ ሽማግሌ፣ ባለፈው ዐቢይ ጾም ማመልከቻ እንድጽፍላቸው መጡ። አጠገቤ ተቀምጠው እያዩ ሳለ፣ «የኔታ፣ እዚህ ላይ የአባቴ ስም ተሳስቷል» ብለው የኮምፒውተሩን መስተዋት በእጃቸው ነኩ። ቸኩዬ ነበርና መስተዋቱ እንዳይቆሽሽ ብቻ አስቤ፣ «አባቴ፣ እጅዎን ያንሡ!» አልሁ።

አንቱታው ቃሉን አላለዘበውም። እኝህ ሰው ይህን የመሰለ ቃል በዕድሜያቸው ስንት ጊዜ ሰምተው ይሆን? እጃቸውን ወደ ጋቢያቸው ውስጥ መለሱ። ያን ጊዜ፣ አንባቢ ሆይ፣ ጣቶቼ ሳላዛቸው ሁለቱን ቁልፎች ተጫኑ። ከማመልከቻው የመጨረሻው መስመር ጠፋ፤ የተናገርሁት ቃል ግን በቤቱ ውስጥ ቀረ። ሽማግሌውም «ሌላ ቀን እመጣለሁ» ብለው ወጡ፤ አልመጡም።

ሦስት ቀን «ይረሱታል» እያልሁ ቆየሁ። ይህም ከቁልፉ የተማርሁት ነው፤ ስሕተት ያለ ዋጋ የሚጠፋ እንዲመስለኝ አስለምዶኛል። አባቶቻችን ግን «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ብለዋል። በአራተኛው ቀን ወደ ቤታቸው ሄጄ ከደጃቸው ቆምሁና፣ «አባቴ፣ ክፉ ተናግሬዎታለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ» አልሁ። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያም፣ «ይቅር ለእግዚአብሔር፤ ነገር ግን ሰምቼዋለሁ» አሉ። እጃቸውንም ዘረጉልኝ፤ ጨበጥሁት።

«ሰምቼዋለሁ» ያሉት ነገር እንደ ተፋቀ ብራና ነው። ይቅርታ የተነገረውን እንዳልተነገረ አያደርገውም፤ በሻከረው ስፍራ ላይ የቀናውን ቃል እንደገና መጻፍ ነው እንጂ። በማግሥቱ መጥተው ማመልከቻውን ጨረስን፤ የአባታቸውንም ስም በእጃቸው እያሳዩኝ አቀናሁት።

እንግዲህ በዚህ መሣሪያ የምትሠሩ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ለጽሕፈታችሁ በቁልፉ ተጠቀሙ፤ መልካም ነው። ለቃላችሁ ግን ሦስት ቀን እንደ እኔ አትቈዩ፤ ተነሥታችሁ በእግራችሁ ሂዱ።