ለውጅግራው ዋጋ ማን ያውጣለት?

ቨርጂኒያ ውስጥ ቤት የገዛ ሰው የቤት ኢንሹራንስ ውሉን ብዙውን ጊዜ አያነበውም። አበዳሪው ባንክ ስለሚያስገድድ ይፈርማል፤ አረቦኑም ከቤቱ ዕዳ ጋር ተደርቦ በየወሩ ይወጣል። እኔም ውሉን ቁጭ ብዬ ያነበብኩት አሮጌ ጠመንጃ መሰብሰብ ከጀመርኩ በኋላ ነው። ለካ ለአንዳንድ ዕቃ የካሳ ጣሪያ አለው። በተለመደው የአሜሪካ የቤት ባለቤት ውል ላይ ጥሬ ገንዘብ ቢጠፋ የሚከፈለው 200 ዶላር ነው። ጌጣጌጥ ቢሰረቅ 1,500፣ የጦር መሣሪያና ተጓዳኝ ዕቃው ቢሰረቅ 2,500። ይህ 2,500 ለአንድ ጠመንጃ እንዳይመስላችሁ፤ ለሁሉም በአንድ ላይ ነው። ሦስት ያለውም ሠላሳ ያለውም ሌባ ከገባበት እኩል ነው። የሚገርመው ቤቱ ቢቃጠል ይህ ጣሪያ አይሠራም፤ ጠመንጃው እንደ ሶፋውና እንደ ቴሌቪዥኑ ይታሰባል። ኩባንያው የሚፈራው ሌባን ነው ማለት ነው።

ከዚያ በላይ የሚፈልግ ሰው ጠመንጃዎቹን አንድ በአንድ ለብቻ ያስመዘግባል። ኤጀንቱ ቅጽ ይልካል። የሠራው ፋብሪካ፣ ሞዴሉ፣ ዘመኑ፣ ቁጥሩ፣ ካሊበሩ፣ የተገዛበት ደረሰኝ፣ ከግራና ከቀኝ የተነሣ ፎቶ፣ ካዝና ውስጥ ነው ወይስ ግድግዳ ላይ? እዚህ ላይ ለአሮጌ ዕቃ ሰብሳቢ ወጥመድ አለ። «የጠፋውን በአዲስ ዋጋ እንተካለን» የሚለው ተጨማሪ ውል ጥንታዊ ዕቃን በግልጽ ያስወጣል፤ በአዲስ ሊተካ አይችልምና። ስለዚህ ከወዲሁ «በዚህ ዋጋ ተስማምተናል» ብሎ በጽሑፍ ማስፈር ያስፈልጋል። ያን ያላደረገ ሰው ካሳው ሲመጣ የእርጅና ተቀናሽ ተደርጎበት ይመጣል። ጠመንጃ ደግሞ ሲያረጅ ይወደዳል እንጂ አይረክስም፤ ይህን ለካሳ ክፍል ሠራተኛ በስልክ ማስረዳት ፍዳ ነው።

ከእኔ ጠመንጃዎች አንዱ ከአገር ቤት የመጣ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የአሜሪካ አስመጪ ከኢትዮጵያ መጋዘኖች የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎችን ገዝቶ እዚህ ላሉ ሰብሳቢዎች በኢንተርኔት ቸርችሯል፤ የጣልያኑን ካርካኖና ቬተርሊ፣ ማውዘሩን፣ የፈረንሳዩን ውጅግራ። የእኔው ውጅግራ ሰደፉ ላይ በቢላ የተቀረጸ የአማርኛ ፊደል አለበት፤ ከፊሉ ስለተፋቀ ስሙ የማን እንደሆነ አይነበብም። ከብረቱ ላይ ግን የሴንት ኤትየን ፋብሪካ ማኅተምና 1874 የሚለው የሞዴሉ ዓመት ጥርት ብሎ ይታያል። በአሜሪካ የ1968ቱ (እ.ኤ.አ.) የጦር መሣሪያ ሕግ እስከ 1898 ድረስ የተሠራ ጠመንጃ «ጥንታዊ» ስለሚባል በፌዴራል ደረጃ እንደ ጦር መሣሪያ አይቆጠርም። በፖስታ ቤቴ ድረስ መጣ። ደረሰኝ አለው፣ ዋጋ አለው፣ ቅጹ ላይ የሚሞላበት ቦታ አለው።

የዚህ ጠመንጃ ወንድም የካ ክፍለ ከተማ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በሚያወጣው መንገድ ዳር ካለው የአጎቴ ቤት አለ። የፈረንሳይ ኤምባሲ ደን ከግቢው ይታያል፤ ፈረንሳይ ሠራሽ ጠመንጃ ፈረንሳይ ለጋሲዮን መኖሩ ሁሌም ያስቀኛል። አጎቴ በአሮጌ ነጠላ ጠቅልለው ከአልጋቸው ሥር ባለ የብረት ሳጥን ያስቀምጡታል። ሐምሌና ነሐሴ የእንጦጦ ጉም ወርዶ ግቢውን ሲሞላው ብረት የሆነ ነገር ሁሉ ይዝጋል፤ ስለዚህ በየሁለት ሳምንቱ አውጥተው በስፌት መኪና ዘይት ያሹታል። መቀርቀሪያውን ሲስቡት አሁንም ሳይንገራገጭ ይመጣል። ጥይቱ ከጠፋ ዘመን አልፎታል። የሚወጣው ለዓድዋ በዓልና ለሰርግ ፉከራ ብቻ ነው፤ እሱም ፈቃዱ በኪስ ተይዞ።

አንድ ክረምት አገር ቤት ሄጄ ሳለ «ጋሼ፣ ይህንን ነገር ለምን ኢንሹራንስ አንገባለትም?» አልኳቸው።

«ለመኪና ነው እንጂ ለጠመንጃ ምን ኢንሹራንስ አለው?» አሉኝ።

አልተሳሳቱም። አዲስ አበባ ውስጥ ኢንሹራንስ ሲባል መኪና ነው፤ የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ግዴታ ነውና። ለቤትና ለቤት ዕቃ የሚሸጥ ውል የለም ማለት አይደለም። የእሳትና መብረቅም፣ የቤት ሰርሳሪም ውል አለ፤ ገዢው ግን በአብዛኛው የባንክ ብድር ያለበት ነጋዴ ነው። አንድ የመድን ድርጅት ቅርንጫፍ ገብቼ ጠየቅሁ። ሠራተኛዋ ትሑት ነበረች። «ዋጋው ስንት ነው?» አለችኝ። ቀጥላም «በምን ሰነድ?»

ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ያበቃል። በ1952ቱ የንግድ ሕጋችን የዕቃ መድን የካሳ ውል ነው፤ የሚከፈለው ዕቃው ጉዳት በደረሰበት ቀን ካለው ዋጋ ሊበልጥ አይችልም። የአጎቴ ውጅግራ ዋጋው ምንድን ነው? በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 መሣሪያን በፈቃድ የሚያዝ ነገር አድርጎታል፤ ፈቃዱ የሰውየው ነው፣ እንደ በሬ ገበያ አውጥተህ የምትሸጠው ዕቃ አይደለም። ሕጋዊ ገበያ ከሌለ የገበያ ዋጋ ከየት ይመጣል? አጎቴን ስጠይቃቸው ግን ሳያመነቱ «ሁለት በሬ» አሉኝ። አያቴ የገዙበት ዋጋ ነው። ሁለት በሬ ዛሬ ስንት እንደሚያወጣ ሾላ ገበያ ሄዶ መጠየቅ ይቻላል፤ የመድን ድርጅቱ ግን በበሬ አይፈርምም።

እንዲያውም በእንጦጦ ላይ የጠመንጃ ዋጋ በጽሑፍ የሰፈረበት ዘመን ነበር። በ1879 ዓ.ም. ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርቱር ራምቦ 2,040 ጠመንጃና 60,000 ጥይት ከታጁራ በግመል ጭኖ ምኒልክ ዘንድ መጣ። ንጉሡ ሐረርን ይዘው ሲመለሱ እንጦጦ ላይ ተገናኙ። ራምቦ የጠበቀውን አላገኘም። ምኒልክ የሞተው ሸሪኩ የላባቱ ዕዳ ነው እያሉ ቀነሱበት፤ የቀረውንም በእጁ አልሰጡትም፣ ሐረር ላይ ከደጃዝማች (በኋላ ራስ) መኮንን ተቀበል ብለው ወረቀት ጻፉለት። የራምቦ ደብዳቤዎች በዚህ ምሬት የተሞሉ ናቸው። እኔ ግን ምኒልክን አደንቃለሁ፤ የጠመንጃ ነጋዴን እንዲህ አድርጎ የተደራደረ ንጉሥ ብዙ የለም። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ዓድዋ ላይ የተተኮሰው በእንዲህ ዓይነት ድርድር እየተለቀመ የተገዛ ጠመንጃ ነው።

ወደ ውሉ ልመለስ። ኢንሹራንስ የማይከፍልባቸውን ነገሮች የሚዘረዝረውን ክፍል በሁለቱም አገር ሳነብ ነው ነገሩ የገባኝ። የአሜሪካው ውል ጦርነት ላደረሰው ጉዳት አይከፍልም፤ በመንግሥት ባለሥልጣን ትእዛዝ ለተወረሰ ዕቃም አይከፍልም። አገር ቤት ያለው የእሳት ውል ከእንግሊዞች የተቀዳ ስለሆነ ጦርነትን፣ የእርስ በርስ ጦርነትንና ዐመፅን ያስወጣል። ተለይተው ካልተጠቀሱ በቀር ፈንጂም፣ ብርቅዬ ዕቃም በውሉ አይሸፈኑም።

አሁን የእኛን ሰፈር ጠመንጃዎች ታሪክ ተመልከቱ። ጣልያን አዲስ አበባን በያዘበት ዘመን ጠመንጃ የተገኘበት ሰው ይረሸን ስለነበር ሰው ያለውን ቀበረ፤ የተቀበረውም ብዙው በስብሶ ቀረ። በመጋቢት 1969 ደርግ ከተማውን ቤት ለቤት ሲያስስ የተደበቀው ሁሉ ተለቅሞ ሄደ። በ1983 መንግሥት ሲለወጥ ደግሞ እንደገና። የአያቴ ወንድም ምንሽር የሄደው በ1969ኙ አሰሳ ነው፤ ከወሰዱት ልጆች አንዱ እዚያው ሰፈር ያደገ ነበር። በእኛ ዘር ውስጥ ጠመንጃ በሌባ ጠፋ ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ተቃጠለ ሲባልም አልሰማሁም። የጠፋው ሁሉ ኢንሹራንስ «ይህ እኔን አይመለከተኝም» በሚልባቸው በሁለቱ መንገዶች ነው።

ስለዚህ ለአጎቴ ጠመንጃ ፖሊሲ ቢገዛለት እንኳ ከሌባና ከእሳት ይጠብቀዋል እንጂ ከጠላቱ አይጠብቀውም። ይህን ስል አሜሪካ ያለው ውል ለሰዉ አይረባም ማለቴ አይደለም። እዚህ የሰብሳቢ ስጋት በእርግጥም ሌባ ነው፤ ቨርጂኒያም ከ2020 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ጠመንጃው የጠፋበት ሰው ባወቀ በ48 ሰዓት ውስጥ ለፖሊስ እንዲያሳውቅ ታስገድዳለች። ካሊፎርኒያ ውስጥ ሳን ሆዜ ከተማ ደግሞ በ2022 (እ.ኤ.አ.) የጠመንጃ ባለቤት በአደጋ ለሚደርስ ጉዳት የኃላፊነት መድን ይግባ ብላ ደነገገች፤ ከአሜሪካ ከተሞች የመጀመሪያዋ ናት። የኃላፊነቱ ነገር ራሱን የቻለ ወሬ ነው፤ አገር ቤት እንዲህ ያለው ጉዳት ፍርድ ቤት ቢሄድም ባይሄድም መጨረሻው ብዙውን ጊዜ በሽማግሌ ነው።

ለአጎቴ የሚበጀው ሌላ ወረቀት ይመስለኛል። የእሳቸው ዓይነት ጠመንጃ የታሪክ ዕቃ ነው፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 በግለሰብ እጅ ያለ ቅርስም እንዲመዘገብ ያዝዛል። ባለቤቱ በራሱ ወጪ ይንከባከበዋል፤ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። ኤጀንቱ የላከልኝን ቅጽ በአማርኛ ገልብጬ አብረን ሞላነው፤ ፋብሪካ፣ ሞዴል፣ ቁጥር፣ ፎቶ። ሁለት መስመር ጨመርኩበት። አንዱ «ማን አመጣው»፣ ሌላው «ከማን እጅ ወደ ማን እጅ አለፈ»። የአሜሪካው ቅጽ እነዚህን አይጠይቅም። አጎቴ ግን ግማሽ ቀን ሙሉ ያጻፉኝ እነሱን ነው፤ ዋጋ የሚለውን መስመር ዘለው።

ያልተፈታው የውርሱ ነገር ነው። ፈቃዱ በአጎቴ ስም ነው፤ እሳቸው ሲያልፉ ልጃቸው ጠመንጃውን ሳጥን ውስጥ ስላገኘ ብቻ ባለፈቃድ አይሆንም፤ በስሙ ማመልከት አለበት። የአጎቴ ልጅ አያት አካባቢ ኮንዶሚኒየም ነው የሚኖረው፣ ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉት፣ ጠመንጃ ቤቱ ማስገባትም አይፈልግም። አልፈርድበትም። «ለሙዚየም እንስጠው» ሲላቸው አጎቴ ተቆጡ፤ «እኔ ልጠይቀው ስሄድ ትኬት ልቆርጥ ነው?» አሉ። እኔ ወደዚህ እንዳላመጣው ሕጉ አይፈቅድም፤ ቢፈቅድም አላመጣውም ነበር፤ አንዱ ወንድሙ መምጣቱ ይበቃል። ልጅየው ባለፈው ስንደዋወል የቅርስ ምዝገባውን ቅጽ አስገብቶ ቀጠሮ እየጠበቀ ነበር። ፈቃዱን በስሙ ስለማዞር ግን ከአባቱ ጋር ገና አልተነጋገሩም።