የሕመምተኛ ቃል፤ ሰሙና ወርቁ

ሰው በጽኑ ሲታመም ሁለት ነገር ይደርስበታል፤ አንደኛው የሥጋው ሥቃይ፣ ሁለተኛው በሥቃዩ ምክንያት ልቡን የሚይዘው ጭንቀት ነው። ሁለቱም «አመመኝ» በሚል በአንድ ቃል ተሸፍነው ይወጣሉ። በቅኔ ቤት የተማረ ሰው ሰሙን ሰምቶ ወርቁን ሳይፈልግ አይነሣም፤ ከሕመምተኛ አልጋ አጠገብ ሲቀመጥም እንዲሁ ሊያደርግ ይገባዋል።

ከአጋሮ፣ ከሊሙ፣ ከጌራ ሕመም የጸናበት ሰው ለመታከም ወደ ጅማ ይመጣል። በቡና ለቀማ ወራት፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ የታመመ ገበሬ ግን መከራው እጥፍ ነው፤ የዓመት ልብሱም የዓመት ዕዳውም ከቡናው ላይ ነውና። ከአጋሮ ወገን የመጣ አንድ ሰው ካንሰር ጸንቶበት ተኝቶ ሳለ ልጠይቀው ሄድሁ። ቀን ይታገሣል፤ ሌሊት ይጮኻል። «ወንድሜ፣ ሌሊት ሌሊት የምታስበው ምንድር ነው?» ብለው ብዙ ዝም ብሎ ቆየና፣ «የኔታ፣ ቡናው ሳይለቀም መርገፉ ነው፤ ደግሞ እነዚህ ሰዎች በደጅ የሚንሾካሾኩት ምንድር ነው?» አለኝ። በሳምንቱ ክርስቲያኑም እስላሙም ጎረቤት በደቦ እንደ ለቀመለት ወንድሙ መጥቶ ነገረው፤ ሐኪሙም የሕመሙን ነገር በቀስታ አስረዳው። ሕመሙ ያው ነበረ፤ መድኃኒቱም ያው ነበረ፤ ሌሊቱ ግን ቀለለለት።

ይህ ነገር በሊቃውንት የተመረመረ ነው። ቢቸር የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኢጣልያ ግንባር በጽኑ የቆሰሉትን ወታደሮች ቢጠይቅ፣ የሚበዙት ማስታገሻ አንፈልግም አሉት፤ ይህንንም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1946 ጻፈ። ቁስሉ ለወታደሩ ከሞት አምልጦ ወደ ቤቱ መመለሻ ስለ ሆነለት ነው ሲል ተረጐመው። በ1965 ሜልዛክና ዎል የተባሉ ሁለት ሊቃውንት ደግሞ፣ የሕመም ስሜት በአከርካሪ ውስጥ እንደ በር ባለ ነገር እንደሚያልፍ፣ ፍርሃት በሩን እንደሚከፍተው፣ የልብ ጸጥታም እንደሚያጠብበው አስተማሩ። ሲስሊ ሳንደርስ የምትባል ሐኪም በ1967 በለንደን ለጽኑ ሕመምተኞች ቤት ከፍታ፣ ሥቃይ የሥጋ፣ የልብ፣ የኑሮና የመንፈስ ሆኖ አራት ወገን እንዳለው ገለጠች። በእኛም አገር በ2003 ሆስፒስ ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ ተመሠረተ።

ሐኪሞች ለልብ ጭንቀት የሚያዝዙት ረቂቅ ነገር አይደለም፤ እስትንፋስን ቀስ አድርጎ መሳብና መልቀቅ፣ አሳብን ከሕመሙ ወደ ሌላ መመለስ፣ የሚያስፈራውን ነገር በቃል አውጥቶ መመርመር ነው። ዳዊት የሚደግም ሰው እስትንፋሱ ከቃሉ ጋር እንደሚረጋ የምናውቅ ሰዎች ይህ እንግዳ ሊሆንብን አይገባም።

ነገር ግን ከሁለት ስሕተት እንጠበቅ። አንዱ፣ ሥቃይ ዋጋ ያሰጣልና ማስታገሻ አትውሰድ ማለት ነው፤ ራሱ ፈቅዶ ያልጾመውን ሰው በግድ እንደ ማስጾም ነው። ሁለተኛው፣ ሕመሙ ከአሳብ ነው ብሎ የሕመምተኛውን ቃል ሐሰት ማድረግ ነው። ማጽናናት የሞርፊን ምትክ አይደለም፤ ጸሎተ ቀንዲልም መድኃኒትን አይከለክልም። እያንዳንዱ በየወገኑ ይሠራል።

ዘመድም ሕመሙን ከሕመምተኛው መሸሸጉን ቢተው መልካም ነው። እኛ መርዶን በሥርዓት የምናረዳ ሕዝብ ነን፤ ሰዓቱን እንመርጣለን፣ ሽማግሌ እንሰበስባለን፣ ሰውየውን ብቻውን አናስቀምጠውም። የሞትን ወሬ ይህን ያህል በጥንቃቄ የምናደርስ ሰዎች፣ የሕመምን ነገር ለባለቤቱ በዚያው ጥንቃቄ፣ ሊሰማ በፈቀደው መጠን መንገር እንዴት ያቅተናል?

የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ዝም ብለው አብረውት በተቀመጡ ጊዜ ወዳጆች ነበሩ፤ አፋቸውን ከፍተው የመከራውን ምክንያት ማስተማር በጀመሩ ጊዜ ግን ሌላ ቁስል ሆኑበት። እንግዲህ ካህንም ቢሆን ጎረቤት ሕመምተኛ ሊጠይቅ ሲሄድ፣ ተግሣጹን በደጅ ትቶ አንድ ጥያቄና ሰፊ ጆሮ ይዞ ይግባ።